ባለርስቱና መጤዋ

ታላቅ እህቴ ያረፈች ጊዜ ትታው የሄደችው ነገር ብዙ አልነበረም። ቤቱ የኪራይ ነው፤ ቁልፉ ለባለቤቱ ተመለሰ። አልጋውና ቁም ሳጥኑ ለዘመድ ተከፋፈለ። መጻሕፍቷን እኔ ወሰድኩ፤ የቡና ዕቃዋን የአክስታችን ልጅ። አርባዋ ካለፈ በኋላ ግን "ለእኔ ትሁን" የሚላት ያጣች አንዲት ነበረች፤ እመቤት። እመቤት ድመት ናት። አመድማ፣ ደረተ ነጭ፣ ዕድሜዋም አምስት ዓመት ገደማ የሚሆን። ዱባይ ሰው ቤት የምትሠራው የእህቴ ልጅ ለለቅሶው መምጣት አልሆነላትም ነበርና በደወለች ቁጥር መጀመሪያ የምትጠይቀኝ "አጎቴ፣ እመቤት በላች?" ብላ ነው። ስለ እናቷ መቃብር ለመጠየቅ አፏ አልታዘዝ ያላት ልጅ ስለ ድመቷ ትጠይቃለች። ይገባኛል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? እመቤትን በካርቶን አድርጌ ቤቴ አመጣኋት። ቤቴ ኮንዶሚኒየም ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ። እዚያ ቤት ደግሞ ስድስት ዓመት የኖረ ውሮ የሚባል ድመት አለ። "ያው ድመትና ድመት አይደሉ እንዴ? ይተዋወቃሉ" አለች ባለቤቴ። እውነቱን ለመናገር እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነው። ካርቶኑን ሳሎን መሀል አስቀምጬ ከፈትኩት።

እናንተዬ፣ የሆነውን በምን ቃል ልንገራችሁ! ያ ቀኑን ሙሉ ሶፋ ላይ ተጋድሞ የሚውለው ውሮ፣ ዝንብ ሲያርፍበት እንኳ ጆሮውን ብቻ የሚነቀንቀው ውሮ፣ ጠጉሩን አቁሞ የራሱን እጥፍ አከለ። እመቤት ጆሮዋን ወደ ኋላ አጣብቃ ጀርባዋን ቀለሰች። ከዚያ በኋላ ያየሁት አንድ የሚሽከረከር የጠጉር ኳስ ነው። መጋረጃው ወረደ፤ ሁለት ስኒ ተሰበረ፤ እጄን መሀል ያስገባሁት እኔም ጤና ጣቢያ ሄጄ መርፌ ተወጋሁ። እመቤት ከማቀዝቀዣው ጀርባ ገብታ ሁለት ቀን እህል ውሃ ሳትል ቀረች። ውሮም ማቀዝቀዣው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ ዘብ ቆመ።

በሦስተኛው ቀን አንድ ጎረቤቴ "ጋሼ፣ ለምን ራስዎን ያስቸግራሉ? ሥጋ ቤት በር ላይ ይተዉአት። እዚያ አታጣም" አለኝ። ምክሩ በክፋት አልነበረም። በከተማችን የስንቱ ድመት ታሪክ የሚያልቀው እዚያው ሥጋ ቤት በር ላይ ነው። ማታ ስልኩ ሲጠራ ግን አነሳሁትና "በላች" ብዬ ዋሸሁ።

እኔ የመጻሕፍት ሰው ነኝ። ለብዙ ዓመት ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የተረፈኝ ልማድ ቢኖር ችግር ሲገጥመኝ መደርደሪያዬ ፊት መቆም ነው። ከሄሮዶቱስ ጀመርኩ። እየቆየሁ ስሄድ የሚያስጨንቀኝ ጥያቄ "ድመቶቹ ለምን ተጣሉ" የሚለው መሆኑ ቀረና ሌላ ሆነ፤ ለመሆኑ ሰው ሁለት የማይተዋወቁ ድመቶችን ባንድ በር ዘግቶ "ተዋደዱ" ማለት የጀመረው ከመቼ ወዲህ ነው? (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከጥንቱ እንነሳ። በ2004 ፈረንሳዊው የጥንት እንስሳት ተመራማሪ ዣን-ዴኒ ቪንና ባልደረቦቹ ቆጵሮስ ደሴት ላይ፣ ሺሉሮካምቦስ በተባለ ጥንታዊ መንደር፣ የአንድ ሰው መቃብር ማግኘታቸውን አስታወቁ። ዕድሜው 9,500 ዓመት ይሆናል። ከሰውየው አጽም 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ የአንዲት ድመት አጽም ተጋድሟል፤ ገና ስምንት ወር ገደማ የሆናት። ቆጵሮስ የራሷ የዱር ድመት ያልነበራት ደሴት ናት። ስለዚህ ያቺን ወይም የቅድመ አያቶቿን ዘር በጀልባ ያሻገረ ሰው አለ ማለት ነው። ልብ በሉልኝ፤ አንድ ሰው፣ አንዲት ድመት።

በ2007 የወጣ የዘረመል ጥናት የዓለም የቤት ድመቶች ሁሉ ዘር የሚመዘዘው ከአንድ የዱር ድመት፣ ከአፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቁ አሸዋማ መልክ ካለው የዱር ድመት መሆኑን አሳየ። ይህ የዱር ድመት ዛሬም አለ፤ በአገራችንም ቁጥቋጦና ሜዳ ውስጥ ይኖራል። ጠባዩ ምንድነው ያላችሁ እንደሆነ፣ ብቸኛ ነው። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ አይጥ ለሁለት አትካፈልም። አንበሳ ጎሽ ይጥልና ዘመድ አዝማዱን ጠርቶ ያበላል። የዱር ድመት የሚይዘው አይጥ፣ እንሽላሊትና ወፍ አንድ ጉርሻ ነው። ጉርሻ የሚበላ እንስሳ የሚያስፈልገው ማኅበር አይደለም፤ የራሱ የሆነ ሰፊ መሬት ነው። ባጭሩ ርስት።

ውሻን አስቡ። ውሻ የመጣው ከተኩላ ነው፤ ተኩላ ደግሞ እናት፣ አባት፣ ልጆች ሆኖ አብሮ የሚያድን፣ አብሮ የሚበላ ቤተሰባዊ ፍጡር ነው። ውሻ ወደኛ ሲመጣ ተከትሎ የመሄድ፣ ደረጃውን አውቆ የመኖር፣ ከሌላው ጋር የመስማማት ችሎታውን ይዞ መጣ። ድመት እንዲህ ያለ ስንቅ አልነበራትም። እርሻ ሲጀመር ጎተራ ተሠራ፤ ጎተራው አይጥ ጠራ፤ አይጡ ድመት ጠራ። ማንም አልያዛትም፤ ማንም አላሰለጠናትም። ጎተራው አጠገብ አይጥ የተትረፈረፈ ስለነበር ባለርስቶቹ እንደምንም ተቻችለው መኖር ጀመሩ። መቻቻል አልኩ እንጂ መዋደድ አላልኩም።

ወደ ግብጽ እንሻገር። ግብጻውያን ድመትን "ሚው" ነበር የሚሏት። (ስሙን ያወጣችው ራሷ ናት ማለት ይቻላል።) በመቃብር ግድግዳዎቻቸው ላይ ከተሳሉት ድመቶች ዝነኞቹ የእመቤቲቱ ወንበር ሥር ቁጭ ብለው የሚታዩት ናቸው፤ አንዷ ዓሣ ስትበላ፣ ሌላይቱ ከወንበሩ እግር ጋር ታስራ። ከወንበሩ ሥር ብዙውን ጊዜ የምትታየው አንዲት ብቻ ናት። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ14ኛው መቶ ዓመት የንጉሥ አሜንሆቴፕ ሦስተኛው የበኩር ልጅ ልዑል ቱትሞስ ለሞተችበት ድመቱ ከኖራ ድንጋይ የሬሳ ሳጥን አስጠርቦላታል። ስሟ "ታ-ሚው" ተብሎ ተቀርጾበታል፤ ትርጉሙ "ድመቲቱ" ነው። ሌላ ስም አላስፈለጋትም። ቤቱ ውስጥ ሁለት ቢሆኑ ኖሮ ያስፈልጋት ነበር ብዬ አስባለሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በአምስተኛው መቶ ዓመት ግብጽን የጎበኘው ሄሮዶቱስ እንደሚተርከው፣ አንድ ቤት ውስጥ ድመት ስትሞት የቤቱ ሰዎች ሁሉ ቅንድባቸውን ይላጫሉ። ሬሳዋም የድመት ገጽ ያላት ጣዖት የባስቴት ከተማ ወደ ሆነችው ቡባስቲስ ይወሰዳል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የማይታወቀው ግን እዚያው አጠገብ የጻፈው ነው፤ ወንዶቹ ድመቶች የእንስቶቹን ግልገሎች እየሰረቁ ይገድሉባቸዋል ይላል። የታሪክ አባት የሚባለው ሰው አማልክት በሚመለኩበት አገር ድመቶች ርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደማይራሩ አስተውሎ ነበር ማለት ነው። ከእሱ አራት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ግብጽን ያየው ዲዮዶሮስ ደግሞ ሳያውቅ ድመት የገደለ አንድ ሮማዊ በሕዝብ ሲገደል በዓይኔ አየሁ ይላል። ሮማን በጣም በሚፈሩበት ወቅት የንጉሡ ሹማምንት ተልከው ቢለምኑም አላዳኑትም።

እንዲህ ከሆነ ግብጽ ለድመት ገነት ነበረች? አይደለም። ድመት በብዛት ባንድ ግቢ መኖር የጀመረችው እዚያ ነው፤ በቤተ መቅደሶቹ። የምትኖርበት ምክንያት ግን ለስለት ነው። በእንግሊዝ ሙዚየም ያሉትን የድመት ሙሚያዎች በራጅ የመረመሩ ባለሙያዎች በ1981 እንዳሳወቁት ብዙዎቹ ገና ግልገሎች፣ አንገታቸውም የተሰበረ ነው። ምዕመኑ እየገዛ ለጣዖቲቱ እንዲያቀርባቸው ነው የሚረቡት። መጨረሻው ከዚህም ይከፋል። በ1890 ከመካከለኛው ግብጽ ከቤኒ ሐሰን የተቆፈረ 19 ቶን ገደማ የድመት ሙሚያ፣ በግምት 180,000 ድመት፣ በመርከብ ሊቨርፑል ደረሰና ለእርሻ ማዳበሪያ በጨረታ ተሸጠ። ቅንድብ የተላጨላቸው ፍጥረታት የእንግሊዝ ገበሬ ማሳ ላይ ተበተኑ።

የቅርብ ጊዜ የዘረመል ጥናቶች እንደሚያሳዩት የዛሬዋ የቤት ድመት ወደ አውሮፓ የገባችው ከሰሜን አፍሪካ ተነስታ፣ ከ2,000 ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። እዚያም ስትደርስ የተሰጣት ቦታ የሠራተኛ ነው። በዌልስ በ10ኛው መቶ ዓመት በነገሠው በሃይወል ዳ ስም የሚጠራ የሕግ መጽሐፍ አለ። የድመትን ዋጋ ይተምናል፤ ዓይኗን እስክትገልጥ አንድ ፔኒ፣ አይጥ እስክትገድል ሁለት ፔኒ፣ ከገደለች በኋላ አራት ፔኒ። እኔን ያስደነቀኝ ግን ሌላው አንቀጽ ነው። አንድ መንደር በሕግ ፊት መንደር ለመባል ምን ምን ሊኖረው ይገባል? ዘጠኝ ቤቶች፣ አንድ ማረሻ፣ አንድ የእህል ማድረቂያ ምድጃ፣ አንድ መናጫ፣ አንድ ኮርማ፣ አንድ አውራ ዶሮ፣ አንድ እረኛ፣ አንድ ድመት። ለዘጠኝ ቤት አንድ ድመት! እኔ ባለ ሁለት መኝታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ሁለት ለማኖር እታገላለሁ።

በእንግሊዝ የኤክሰተር ካቴድራል የሒሳብ መዝገብ ከ1305 እስከ 1467 ድረስ ለድመት ቀለብ የወጣ ገንዘብ በየሩብ ዓመቱ ተመዝግቦ ይገኛል። የሰዓቱን ማማ በሚያስገባው በር ላይ ከታች በኩል ክብ ቀዳዳ አለ፤ ድመቷ እንድትወጣ እንድትገባ። በ13ኛው መቶ ዓመት በዚያው አገር በግድግዳ ታጥረው ለሚኖሩ መናኝ ሴቶች የተጻፈ መመሪያ ደግሞ መናኚቱ ከድመት በቀር ምንም እንስሳ እንዳታኖር ያዛል። ላም ብታኖር ሐሳቧ ከላሟ ጋር ይሄዳል፤ ድመት ግን ራሷን ትችላለች። ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ የምንል ሕዝብ ይህን ስናነብ ፈገግ ሳንል አንቀርም። ልብ ልትሉልኝ የሚገባው ግን ቀዳዳውን ነው። መናኚቱ ናት እንጂ የተዘጋባት፣ ድመቲቱ ትወጣለች። ካቴድራሉ ሲቆለፍ ድመቲቱ ትወጣለች።

በእስልምናም የድመት ቦታ የታወቀ ነው። አቡ ሁረይራ የተባሉት ሰሃባ የስማቸው ትርጉም "የድመቷ አባት" እንደማለት ነው። ድመት ርኩስ እንዳልሆነች፣ በሰው መሀል የምትዘዋወር እንደሆነች የሚናገር ሐዲስ አለ። ሌላው ሐዲስ ድመት ዘግታ ያሰረችና የተቀጣች ሴት ነገር ነው። ጥፋቷ ሁለት ነው፤ አላበላቻትም፣ ወጥታ የምድርን ተንቀሳቃሽ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። አያችሁ? እዚህም በሩ አለ።

እንግዲህ ለብዙ ሺህ ዓመታት ነገሩ እንዲህ ነበር። ድመት የቤት ናት፤ ግን በሩ ክፍት ነው። ሌላ ድመት ከመጣባት ወይ ታባርራለች ወይ ጣራ ላይ ወጥታ ወደ ሌላ ሰፈር ትሰደዳለች። የእኛም ቤት እንዲሁ ነበር። በልጅነቴ ሰፈር የማን ድመት የማን እንደሆነች በውል የሚያውቅ አልነበረም። የቆርቆሮ ጣራው የጋራ አገራቸው ነው። ሌሊት እላያችን ላይ ጦርነት ይከፈታል፤ አባቴ "ወግጅ!" ይላል፤ ጠዋት ሁሉም በየቤቱ ወተት ይጠብቃል። ድንበሩን ማን እንዳካለለው አናውቅም፤ መካለሉን ግን እናውቃለን።

በ1871 ሐምሌ 13 ቀን ለንደን ውስጥ በክሪስታል ፓላስ ሃሪሰን ዊር የተባለ ሠዓሊ የመጀመሪያውን ትልቅ የድመት ትርዒት አዘጋጀ። 170 ገደማ ድመቶች መጡ። ዊር በኋላ በ1889 ባሳተመው መጽሐፉ እንደሚነግረን ጠዋት ወደ ትርዒቱ ሲሄድ ሆዱ ተረብሾ ነበር። ያን ሁሉ የማይተዋወቅ ድመት ባንድ አዳራሽ ሲሰበስብ ምን እንደሚከተል ሊገምት አልቻለም ነበር። ገብቶ ሲያይ ግን ድመቶቹ በቀያይ ትራሶች ላይ ተጋድመው ወተታቸውን ይልሳሉ፤ የሚሰማው የጉሮሯቸው ማንጎራጎር ብቻ ነው። ይህ እንዴት ሆነ? ዊር ብዙም አላተኮረበትም እንጂ መልሱ እዚያው አለ። እያንዳንዷ ድመት በየራሷ ጎጆ፣ በየራሷ ትራስ፣ በየራሷ ሳህን ነበረች። ይህን ገጽ ሳነብ ማቀዝቀዣዬን ዞር ብዬ አየሁት።

በዚያ ዘመን ትርዒቶች ላይ ካስደነቁት ድመቶች አንዷ ደግሞ "አቢሲኒያን" የምትባለው ናት፤ ለነገራችን ጎን ቢሆንም ዝም ብዬ ማለፍ አልችልም። በ1868 የናፒየር ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ያረፈበት ወደብ ዙላ ይባላል። ዘመቻው ካበቃ በኋላ አንዲት የሻምበል ሚስት ከአቢሲኒያ አመጣኋት ያለቻት ዙላ የተባለች ድመት በ1874 በወጣ የጎርደን ስቴብልስ መጽሐፍ ውስጥ ከነሥዕሏ ትገኛለች። የዚህ ዝርያ ዘረመል የተመረመረ ጊዜ ግን የሚያመለክተው ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ፣ ወደ ሕንድ በኩል ነው። ከመቅደላ የሄደው ዘውድና የብራና መጽሐፍ የኛ መሆኑ አያጠራጥርም፤ ድመቷ ግን የኛ ሳትሆን ስማችንን ይዛ ዓለምን ትዞራለች። ስም ያለው መጤ እንዲህ ነው የሚከበረው።

በሩ የተዘጋው መቼ ነው? እኔ ቀኑን በ1947 ጥር ላይ አደርገዋለሁ። በአሜሪካ ሚሺገን ውስጥ ኤድዋርድ ሎው የተባለ ወጣት አባቱ ለዎርክሾፖች የዘይት መምጠጫ ያቀርብ ነበር። ክረምት ነው፤ የጎረቤት ሴትዮ ለድመቷ መጸዳጃ የምትጠቀምበት አሸዋ በረዶ ሆነባትና ጥቂት አሸዋ ልትጠይቀው መጣች። ሎው በአሸዋ ፈንታ ዘይት የሚመጥ የደረቀ የሸክላ አፈር ፍርፋሪ ሰጣት። ሴትዮዋ ሌላ አምጣ አለች፤ ጓደኞቿም አሉ። ሎው በከረጢት እያደረገ መሸጥ ጀመረና ባለጸጋ ሆነ። ሽታው ሲጠፋ ድመትን ሌት ተቀን አፓርታማ ውስጥ ዘግቶ ማኖር ተቻለ። የማኮላሸት ሕክምናና የታሸገ የድመት ምግብ ተጨመሩበት። ሕልቆ መሳፍርት የሌለው ዘመን ያስቆጠረችው የጣራ እንስሳ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ የክፍል እንስሳ ሆነች። እኛ ዘንድ ደግሞ ይህንኑ ያመጣው ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ጣራ የለም፤ አጥር የለም፤ የሚሸሹበት ሰፈር የለም። ድመቲቱ ከማቀዝቀዣ ጀርባ ሌላ ስደት የላትም።

ስለዚህ ጎረቤቶቻችን "ድሮ ድመት መች እንዲህ ይጣላ ነበር?" ሲሉ ልክ አይደሉም። ይጣላ ነበር። ዞር የሚልበት ቦታ ነበረው እንጂ።

በሩ ሲዘጋ ሳይንቲስቶች ድመቶችን ከልብ ማየት ጀመሩ። ጀርመናዊው የእንስሳት ጠባይ አጥኚ ፓውል ላይሃውዘን ከ1950ዎቹ ጀምሮ የቤት ድመቶችን በትዕግሥት ሲከታተል የቆየ ሰው ነው። ደጅ የሚወጡት ድመቶች መንገድን በሰዓት እንደሚከፋፈሉ ተመለከተ። አንዷ ጠዋት የምትጠቀምበትን መንገድ ሌላይቱ ከሰዓት በኋላ ትሄድበታለች። መንታ መንገድ ላይ ቢገናኙ እንኳ አንዷ ራቅ ብላ ቁጭ ትላለች፤ ሌላይቱ እስክታልፍ። ቀድሞ መንገዱ ላይ የገባ ደካማም ቢሆን ቅድሚያ ያገኛል። እንደዚሁ በ1970ዎቹ መጨረሻ የኦክስፎርዱ ዴቪድ ማክዶናልድና ባልደረባው የእንግሊዝ የእርሻ ቤት ድመቶችን ሲከታተሉ ዝምድና ያላቸው እንስቶች አንዷ የሌላዋን ግልገል ስታጠባ አዩ። ድመት ፍቅር አታውቅም ማለት አይቻልም እንግዲህ። ፍቅሯ ግን ለሥጋ ዘመዷና አብራት ላደገች ነው። እንግዳ እንግዳ ነው።

ዘመዷን የምታውቀው ደግሞ በመልክ አይደለም፤ በሽታ ነው። ጉንጯ፣ አገጯና ጎኗ ላይ ሽታ የሚያወጡ ዕጢዎች አሏት። እግራችሁን ስትታከክ የምታቀርበው ሰላምታ ብቻ አይደለም፤ ማኅተም እየመታችባችሁ ነው። አብረው የሚኖሩ ድመቶች እየተሻሹ አንድ የጋራ ሽታ ያበጃሉ። እመቤት ከካርቶኑ የወጣች ቀን የለበሰችው የእህቴን ቤት ሽታ ነው፤ የሽሮ፣ የዕጣን፣ የአሮጌ ጋቢ። እኔ ያን ሽታ ስምገው ዓይኔ እንባ ያቀርራል። ውሮ ሲምገው የጠላት ሠራዊት ነው።

ታሪኩ እዚህ ሲደርስ የሚደረገው ነገር ራሱ ግልጽ ሆነልኝ፤ የዛሬ ባለሙያዎችም የሚመክሩት ይህንኑ ነው። ለብዙ ሺህ ዓመታት ክፍት የነበረውን በር የዘጋነው እኛ ስለሆንን፣ ሌላ በር ቤት ውስጥ መሥራት አለብን። እመቤትን ከማቀዝቀዣው ጀርባ አውጥቼ ትንሿ መኝታ ቤት አስገባኋትና በሩን ዘጋሁ። የራሷ ውሃ፣ የራሷ ሳህን፣ የራሷ አሸዋ፣ የምትደበቅበት ካርቶን፤ በላዩ የእህቴ ጋቢ። እነሆ የዊር ጎጆ። የዚያን ዕለት ማታ ሳንባ ቀቅዬ አስገባሁላት፤ ሌሊት ሳህኑን ባዶ አደረገችው። ለእህቴ ልጅ "በላች" ስላት ድምፄ ሳይለወጥ አልቀረም መሰለኝ፣ "ምነው አጎቴ?" አለችኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው የጨርቅ ሥራ ነው። ንጹሕ ካልሲ የእመቤትን ጉንጭና አገጭ አሻሽቼ ውሮ የሚበላበት ቦታ አኖራለሁ፤ በውሮ ያሻሸሁትን ወደ እሷ። የመጀመሪያውን ካልሲ ውሮ አሽትቶ እንደ እባብ ነፋበት። በአራተኛው ቀን አሽትቶ ትቶት ሄደ። በሳምንቱ ተኛበት። ከዚያ ምግባቸውን በአንድ ሰዓት ከተዘጋው በር ወዲህና ወዲያ ማቅረብ ነው፤ መጀመሪያ ሁለት ሜትር ርቆ፣ በየቀኑ ጥቂት እየተጠጋ። የሌላው ሽታና የሳንባ ሽታ አንድ ላይ እንዲገባቸው። በቀን አንድ ጊዜ ደግሞ ቦታ ይለዋወጣሉ፤ እሷ ሳሎን፣ እሱ መኝታ ቤት፣ ሳይተያዩ። ላይሃውዘን ያየውን የሰዓት ክፍፍል በእጄ አካሄድኩት ማለት ነው።

በሦስተኛው ሳምንት ተሳሳትኩ። ፋሲካ ነበር፤ እንግዶች መጥተው ቤቱ ዶሮ ዶሮ ይሸታል። "እስቲ እንያቸው፣ በዓል አይደል" ተባልኩና በሩን ከፈትኩት። በዓል ለድመት ምኗ ነው? ውሮ በአንድ ዝላይ ደረሰ። ደግነቱ እጄን አላስገባሁም፤ ትራስ በመሀላቸው ጣልኩና ለያየኋቸው። ያ የሦስት ሳምንት ሥራ እንዳልነበረ ሆነና ከካልሲው ጀመርኩ። ባለቤቴ ምንም አላለችም፤ ካልሲ ብቻ አቀበለችኝ።

ሁለተኛው ዙር ቀስ ያለ ነው። በሩን የጣት ስንጥቅ ያህል ከፍቼ ከሥሩ አንቀረቀብኩት። በስንጥቁ እየተያዩ በሉ። መነፋፋት ነበረ፤ መነፋፋት ክፉ አይደለም፤ "ራቅ በል" ማለት ነው፣ ውጊያን ያስቀራል እንጂ አያመጣም። የሚያስፈራው ጸጥታው ነው፤ አንዱ ሌላውን ዓይን ሳይነቅል ሲያይ፣ ወይም መተላለፊያ ላይ ተጋድሞ ሲዘጋ። ያን ጊዜ ካርቶን በመሀል አስገብቼ ዓይናቸውን እቆርጣለሁ። ከዚያ አምስት ደቂቃ ባንድ ክፍል፤ ከዚያ አሥር፤ ከዚያ ቡና እስኪፈላ ድረስ። ሳሎን ውስጥ የአሸዋ ሳጥኖቹን ሦስት አደረግኳቸው፤ የውሃ ሳህኖቹንም በየጥጋቸው፤ ማንም የማንንም ኬላ እንዳይጠብቅ። መጻሕፍት መደርደሪያዬንም የላይኛውን ረድፍ ባዶ አደረግኩላቸው፤ ጣራ የሌለው ቤት ከፍታ እንኳ ይኑረው ብዬ። የእህቴ መጻሕፍት ወደ ታች ወረዱ።

ከመጀመሪያው ካርቶን እስከ ክፍት በር ሁለት ወር ከአሥር ቀን ፈጀ። ተዋደዱ እንዳልላችሁ አልተዋደዱም። አንዱ የሌላውን አይልስም፤ ተቃቅፈው አይተኙም። አምስት ዓመትና ስድስት ዓመት ለየብቻቸው ያደጉ ናቸውና ምናልባት መቼም አይተኙም። ወደ ሰሜን የሚያየው መስኮት ግን አሁን ተከፍሏል። ጠዋት ጠዋት ፀሐይዋ ሳትከር የእመቤት ነው። እኩለ ቀን ላይ ወርዳ ወደ ጋቢዋ ትሄዳለች፤ ውሮ ከሶፋው ተነስቶ፣ ተንጠራርቶ፣ እሷ ሙሉ በሙሉ እስክታልፍ ራቅ ብሎ ቁጭ ይልና ይወጣበታል። ትናንት ስልኩ ሲደወል እሷ ገና አልወረደችም ነበር። "የት ናት?" አለችኝ የእህቴ ልጅ። ስልኩን ወደ መስኮቱ አዞርኩላት።